ክርስቲያን ቤተሰቡን ይዞ ኳስ ሜዳ ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጥያቄ ሣጥናችን ውስጥ ከሚገቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጾም፣ ስለ ንስሐና ስለ ጋብቻ ናቸው። ሰሞኑን ግን ከእነዚህ ለየት ያለች አንዲት ጥያቄ ብዙ አነጋግራናለች። ጠያቂው የልጆች አባት ናቸው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳር በመሄድ የጣናን ገዳማት ሊሳለሙ አስበዋል፤ ልጆቻቸው ደግሞ «እግረ መንገዳችንን ስታዲየም ገብተን ኳስ እንይ» ብለው ለምነዋቸዋል። «ከገዳም ወጥቶ ስታዲየም መግባት ነውር አይሆንብኝም ወይ?» ይላሉ።

በመካከላችን የተሰሙት መልሶች ሁለት ነበሩ። አንዳንዶቹ «ኳስ ሜዳ የዓለም ቦታ ነው፤ ክርስቲያን ምን ሊያደርግ ይገባል?» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ምን ችግር አለው? ሁሉም ሰው ያያል» አሉ። እኔ በሁለቱም አልረካሁም። የመጀመሪያው መልስ ልጆቻችን ዛሬ ኳስ የሚያዩት የት እንደ ሆነ ይዘነጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ክርስቲያን በደስታው ጊዜም ክርስቲያን መሆኑን ይዘነጋል። በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አባት ሚስቱንና ልጆቹን ከጎኑ አስቀምጦ ሊያየው የሚችለው ጨዋታ ለእርሱም መልካም ነው፤ እነርሱን ይዞ ሊገባበት የሚያፍርበት ቤት ግን ለብቻውም አይገባውም።

ጨዋታ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ባዕድ አይደለም

ቤተ ክርስቲያናችን ጨዋታን ከነሥሩ የምትነቅል አይደለችም። አባቶቻችን የጌታን ልደት በማኅሌትና በቅዳሴ አክብረው፣ ጾማቸውን ፈትተው ሲያበቁ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ ወጥተው ገና ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ስሙን ከበዓሉ ወሰደ እንጂ ከበዓሉ ጋር የሚጣላ ሆኖ አልተቆጠረም። በዚያ ሜዳ ጌታው ከሎሌው ጋር ይጋፋል፤ ጌታም ቢሆን በገና ጨዋታ እንደማይቆጣ የታወቀ ነበር። በጥምቀት ሰሞንም ፈረስ ጉግስ ነበረ።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ጎጃም ራሱ ምስክር ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ በምናልፍባት በእንጅባራ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በዓሉ የዓድዋ ዘማቾች የሚታሰቡበት ነው፤ ዕለቱም የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው። በዚያ ሜዳ ፈረሰኛው ሲጋልብ አዛውንቱ፣ እናቲቱና ሕፃኑ አብረው ቆመው ያያሉ። ጨዋታውን ንጹሕ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ እናት ቆማ በምታይበት ቦታ ፈረሰኛውም ተመልካቹም ራሱን ይገዛል።

ስለ እግር ኳስም አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናስታውስ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን እስካሁን ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ስታዲየም፣ የዛሬዋን ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አሁን ቀኑን በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ተመልከቱት። ዐርብ ጥር 11 ጥምቀት፣ ቅዳሜ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ እሑድ ጥር 13 የዋንጫው ፍጻሜ ነበረ። ታቦታቱ ወደየመንበራቸው በተመለሱ ማግሥት ከተማው ወደ ስታዲየም ወጣ ማለት ነው። የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት ጃን ሜዳ ራሱስ የሀገራችን ታላላቅ ሯጮች በየዓመቱ አገር አቋራጭ ሲወዳደሩበት የኖረ ሜዳ አይደለምን?

ቅዱሳት መጻሕፍትም ቢሆኑ የጨዋታን ስም ሲያነሡ አያፍሩም። ነቢዩ ዘካርያስ እግዚአብሔር የሚመልሳትን ኢየሩሳሌም ሲገልጥ፣ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው እንደሚቀመጡባት ከተናገረ በኋላ አደባባዮቿ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚሞሉ ይናገራል (ዘካ. 8፥4-5)። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የክርስቲያንን ተጋድሎ በሩጫ ውድድር መስሏል (1ኛ ቆሮ. 9፥24)፤ በሕግ ያልተጋደለ አክሊል እንደማያገኝም አስተምሯል (2ኛ ጢሞ. 2፥5)። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሥጋ ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት እንደ ሆነ ነግሮታል (1ኛ ጢሞ. 4፥8)፤ ጥቂት አለው እንጂ ምንም አላለውም። ጥቂቱን ጥቂት አድርጎ መያዝ የእኛ ፈንታ ነው።

አባቶች የገሠጹት ምንን ነበር?

«ታዲያ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ለምን የትርኢት ቤትንና የፈረስ እሽቅድምድምን እንዲያ አወገዘ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ካህን ሳለም ሆነ እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ከሆነ በኋላ በዚህ ጉዳይ ዝም ያለበት ጊዜ የለም። ነገር ግን የገሠጸበትን ምክንያት ልብ ብለን እናንብብ።

አንደኛው ምክንያት ሥርዓት ነው። በቁስጥንጥንያ የነበሩ ምእመናን የጌታ መከራ በሚታሰብበት ዐርብ እንኳ ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደ ፈረስ ግልቢያው ሮጡ። ሰውን ከመቅደስ የሚያስኮበልል ደስታ ምንም ይሁን ምን በደል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኛ ጥያቄ የበለጠ ይቀርባል። በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው ላይ፣ የሮማውያንን የትርኢት ቤት ወሬ የሰሙ አረመኔዎች የተናገሩትን ይጠቅሳል፤ ሮማውያን እነዚህን ደስታዎች የፈጠሩት ሚስትና ልጆች እንደሌሏቸው ሰዎች ሆነው ነው ብለው ተደነቁ ይላል። ከዚህ ተነሥቶ ቅዱሱ አባት፣ ደግ ሴት ካገባና ልጆች ካሉት ሰው የሚበልጥ ደስታ ያለው እንደሌለ ያስተምራል። እንግዲህ ነቀፌታው ሰዎች ደስ ስላላቸው አልነበረም። ደስታቸውን ከቤታቸው ውጪ፣ ሚስት በማትታይበት፣ ልጅ በማይመጣበት ስፍራ መፈለጋቸው ነበር።

ሦስተኛም አለ። ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳኑ ልጅን ከክፉ ትርኢት ማራቅ ብቻ በቂ አለመሆኑን ያሳያል፤ በምትኩ የማይጎዳውን ደስታ እናስብለት፣ ወደ ቅዱሳን ሰዎች እንውሰደው፣ ስጦታም እንስጠው የሚል አሳብ አለው። እኛ በሰንበት ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ጠንቅቀን እናውቃለን፤ «ተው» ማለት ለምደናል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን እምብዛም አንፈጽመውም። ባዶ የተተወ ቅዳሜና እሑድ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ሌላ ይሞላዋል።

ልጆቻችን ዛሬ ኳስ የሚያዩት የት ነው?

በከተማችን የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የእንግሊዝ ክለቦችን ተጫዋቾች ከነመለያ ቁጥራቸው ይቆጥርላችኋል። ይህን የተማረው ስታዲየም ገብቶ አይደለም፤ ዲኤስቲቪ በሚያሳይ ቤት በር ላይ ገንዘብ ከፍሎ ነው። የቅዳሜና የእሑድ ዋና ዋናዎቹ ጨዋታዎች በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት ይዘልቃሉ፤ ይህም የሠርክ ጸሎትና የሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ሰዓት ነው። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ደግሞ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይጀምራል። በእነዚህ ቤቶች በብዙዎቹ ጫት ይቃማል፣ ስድብ ይለመዳል። አባት ልጁን በዚያ ቢያገኘው ይደነግጣል፤ ልጅም አባቱን በዚያ ቢያገኘው ያፍራል። ሁለቱ አንድ ጨዋታ እየተመለከቱ በሁለት ቤት ተደብቀዋል።

ከዚህ የከፋው ውርርዱ ነው። ብዙ ወጣት ዛሬ ኳስን የሚያየው ለጨዋታው ውበት ሳይሆን በእጁ ስላለው የቤቲንግ ትኬት ነው። ከቤተሰቡ የተላከለትን የወር ቀለብ በአንድ ቅዳሜ የጨረሰ ተማሪ በየዩኒቨርሲቲው አለ። በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የውርርድ ቤቶች በብዛት እንዲዘጉ መደረጉ የጉዳቱን ስፋት ያሳያል፤ ነገር ግን የቤቱ በር ቢዘጋ ውርርዱ በስልክ ኪስ ውስጥ ገብቷል። የሐዋርያት ቀኖና ቁማርንና ስካርን አልተው ያለ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስም ሆነ ዲያቆን ከሹመቱ እንዲሻር ያዛል። ለካህኑ ይህን ያህል የከበደ ነገር ለምእመኑ ቀላል ሊሆን አይችልም።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ልጨምር። የእኛ ልጆች የሀገራቸውን ቡድን በዓይናቸው የማየት ዕድል አጥተው ቆይተዋል። ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ሌሶቶን 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፈዋል። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳው መመዘኛውን አያሟላም በማለት ፈቃዱን ነሣ። ከዚያ ወዲህ «የሜዳችን» የተባሉ ጨዋታዎች በሰው ሀገር ተደረጉ፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ጨዋታ እንኳ የተካሄደው በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ልጁ የገዛ ሀገሩን ድል በቴሌቪዥን ካየ፣ የማንቸስተርና የለንደን ክለብ ከባሕር ዳርና ከጎንደሩ ይልቅ ቢቀርበው አያስገርምም።

«ኳስ ሜዳ የዓለም ቦታ ነው» ለሚሉ ወንድሞቼ የምመልሰው ይህን ነው። ልጁን ከስታዲየም ብንከለክለው ኳስን አልተወም፤ ከአባቱ ጋር ከሚቀመጥበት ብርሃን አውጥተን ብቻውን ወደሚገባበት ጨለማ ላክነው እንጂ።

ወደ ከተማ የሚወጣ ቤተሰብ

አሁን ወደ ጠያቂያችን አሳብ እንመለስ። ቤተሰብ ይዞ ወደ ከተማ መውጣት በወንጌል የተከበረ ነገር ነው። እመቤታችን ድንግል ማርያምና ጠባቂዋ አረጋዊ ዮሴፍ በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር፤ ጌታችንም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ አብሯቸው ወጣ (ሉቃ. 2፥41-50)። ሲመለሱ ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ባላገኙትም ጊዜ እየተጨነቁ ተመልሰው ፈለጉት፤ ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ አገኙት። ከዚህ ታሪክ ለቤተሰብ ጉዞ ሦስት ነገር እንማራለን። የጉዞው ምክንያት በዓል ነበር፤ ቤተሰቡ አንድ ላይ ወጣ፤ ልጁ የታጣ ጊዜም የተገኘው በቤተ መቅደስ ነበር። ልጆቻችን ነገ ሲጠፉብን የት እንደምናገኛቸው የሚወሰነው ዛሬ ወዴት አብረናቸው እንደ ሄድን ነው።

ስለዚህ የጉዞው ራስ ገዳሙ ይሁን፤ ኳሱ ጭራው ይሁን። ቤተሰብ የሚገኝበትን ገዳም መምረጥም ያስፈልጋል። ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች አይገቡበትም፤ ዘጌ የሚገኘውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግን እናትም ሴት ልጅም ገብተው ይሳለማሉ፤ የመቅደሱን ሥዕሎችም እያዩ ትምህርት ያገኛሉ። ጠዋት አስቀድሰው፣ ገዳሙን ተሳልመው፣ ልጆቹ ያዩትን ሲጠያየቁ ከዋሉ በኋላ ከሰዓት ኳስ ማየት ከበረከቱ አንዳች አይቀንስም።

ይህ ለባሕር ዳር ብቻ የሚሆን አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ይጫወታሉ። በዚያ ዓመት አስተናጋጅ ከነበሩት መካከል ድሬዳዋና ሐዋሳ ይገኙበታል። ሁለቱም ምእመናን ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከሩቅ የሚጎርፉባቸው ናቸው፤ አንዱ ከቁልቢ አጠገብ፣ ሁለተኛው በራሱ በሐዋሳ ገብርኤል። ለንግሥ የወጣ ቤተሰብ በዚያው ሰሞን ጨዋታ ሊያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? አባትየው ልጆቹን ከእናታቸው ጋር በማረፊያው ትቶ ለብቻው ይሹለካልን? ወይስ ሁሉንም ይዞ ይገባል? ፈተናው እዚህ ላይ ነው።

እናቶችን በተለይ ላንሣ። በብዙ ቤት ጉዞ ማለት ለእናት የሥራ ቦታ መለወጥ ብቻ ነው። በቤቷ ስታበስል የነበረች በማረፊያው ታበስላለች፤ አባትና ወንዶች ልጆች ወጥተው ሲመለሱ ምግብ ታቀርባለች። ኳሱን ባትወደው እንኳ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ ዳቦ ቆሎዋን እየቆረጠመች ልጇ ሲደሰት ማየት ትወዳለች። ሴት ልጅም ብትሆን «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ተብላ ልትቀር አይገባትም።

በሜዳው ውስጥ ክርስቲያን ሆኖ መቀመጥ

እንዲህ የምለው ግን ያለ ሥርዓት አይደለም። አራት ነገሮችን እናስብ።

የመጀመሪያው ቀኑ ነው። ከላይ የጠቀስሁት የማዳጋስካር ጨዋታ የተደረገው ረቡዕ፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። በጾም ወራት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ የሚገባበት ጊዜ አለና፣ ጨዋታውና ቅዳሴው ከተጋጩ የቱ እንደሚቀድም ለልጆች የምናስተምርበት ቀን ያ ነው። በሰሙነ ሕማማት፣ በዕለተ ስቅለት የኳስ ወሬ ከአፋችን ሊወጣ አይገባም። በሌላው የጾም ቀን ግን የገባ ቤተሰብ ጾሙን አይሽር፤ ጊዜው ሳይደርስ በሜዳው በር የሚሸጠውን አይቅመስ። በፍስክ ቀንም ቢሆን በሶውንና ቆሎውን ከቤቱ ቢይዝ ገንዘቡን ያተርፋል።

ሁለተኛው አንደበት ነው። አዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቁ ጥላ ፎቅና ካታንጋ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃሉ፤ በየትኛውም ሜዳ ለቤተሰብ የሚስማማ መቀመጫ መምረጥ የአባት ኃላፊነት ነው። በዳኛው እናት ላይ ስድብ ሲወርድ አባት ዝም ቢል ልጁ ስድቡን ይማራል፤ አብሮ ቢሳደብ ግን አባቱን ያጣል። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው አንጋፋው ክለብ የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም ይዟል። ደጋፊው የቅዱሱን ስም በስድብ መካከል ሲጠራ፣ ተቃዋሚውም ያንኑ ስም ሲሰድብ ስንሰማ ልባችን ሊደነግጥ ይገባ ነበር፤ ለመድነው እንጂ። ከዚህም የከፋው ዘርን እየጠሩ መሰዳደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ532 በቁስጥንጥንያ የሰማያዊዎቹና የአረንጓዴዎቹ የሠረገላ ደጋፊዎች ያስነሡት ሁከት ከተማይቱን አቃጥሎ 30,000 ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ተጽፏል። ክርስቲያኖች ነበሩ፤ አንድ ጥምቀት የተጠመቁ ነበሩ። በሀገራችንም በቅርብ ዓመታት የክለብ መለያ የብሔር መለያ ሆኖ ሰዎች በድንጋይ ተፈላልገዋል። ልጅህ ከጎንህ ሲቀመጥ፣ የተቃራኒው ቡድን ልጅም ከአባቱ ጋር እንደ መጣ አሳየው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። አሥራቱን ያላወጣ፣ የቤት ኪራዩን ያልከፈለ ሰው ለስታዲየም አይበደር። ውርርድ ደግሞ በጭራሽ አይታሰብ። ልጅ «አባዬ፣ ማን ያሸንፋል?» ብሎ ሲጠይቅ ያለ አንዳች ብር መጠበቅ ደስታ እንደ ሆነ ከአባቱ ይማር። ያለ ውርርድ ኳስ ማየትን ያልቀመሰ ልጅ ከውርርድ ለመውጣት መንገድ አያገኝም።

አራተኛው ጥንቃቄ ነው። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. የእኛም ቡድን በተሳተፈበት የካሜሩን አፍሪካ ዋንጫ፣ በያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞተዋል። ቤተሰብ ይዞ የሚገባ ሰው በሩ ሳይጨናነቅ ቀድሞ ይግባ፤ ሲወጣ ደግሞ ሕዝቡ እስኪሳሳ ይቆይ። ልጆች ቢጠፉ የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድሞ ያሳያቸው። በጸጥታ የሚያሰጋ ጨዋታ ከሆነም ይቅርበት፤ ኳስ ነገም አለ።

ለሚቃወሙ ወንድሞች

«ይህ ሁሉ ለባለገንዘብ ነው፤ የእኛ ምእመን ወደ ባሕር ዳር መሄጃ ከየት ያመጣል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን አሳቤ በስታዲየሙ ታላቅነት ላይ አልተመሠረተም። በገዛ ከተማችን ሜዳ የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ አባት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ወጥቶ በሣሩ ላይ ቢቀመጥ ያው ነው። ትኬት የለው፣ መኪና የለው። የሚያስፈልገው የአባት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከገንዘብ ይልቅ በየቤቱ የጠፋውም እርሱ ነው።

«ወጣቱን ወደ ጸሎት መመለስ ሲገባን ወደ ኳስ ትመራዋለህን?» የሚልም ይኖራል። እኔ ወጣቱን ወደ ኳስ አልመራውም፤ እዚያው አግኝቼዋለሁ። የምጠይቀው አባቱ እዚያ ድረስ ሄዶ በእጁ ይዞ እንዲመልሰው ነው። አባቱ በኳስ ሜዳ አብሮት የሳቀ ልጅ አባቱ በቅዳሴ ሲያለቅስ ቢያየው ያምነዋል። በቁጣ ብቻ የሚያውቀው ልጅ ግን የአባቱን ጸሎትም እንደ ቁጣ ይቆጥረዋል።

እንግዲህ አባቶች ሆይ፣ የኳሱን ሰዓት ከቤተሰባችሁ አትስረቁ፤ ለቤተሰባችሁ ስጡት እንጂ። ወጣቶች ሆይ፣ አባቶቻችሁን ለምኑ፤ «አብረን እንይ» በሏቸው። እናት ወይም አባት የሌለው ጓደኛ ካላችሁም አብራችሁ ውሰዱት። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት የምናገለግል፣ የጉዞ መርሐ ግብር ስናወጣ ከገዳሙ ቅዳሴ በኋላ ለቤተሰቦች የሚሆን የጨዋታ ሰዓት ብንመድብ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ልጆች በሚጫወቱባት በነቢዩ አደባባይ ለአንድ ከሰዓት ተቀምጠናል ማለት ነው። ለጠያቂያችንም መልሴ ይህ ነው፦ አባቴ፣ ይሂዱ፤ አስቀድሰው ይሂዱ፣ ሁሉንም ይዘው ይሂዱ።

አምላከ ቅዱሳን ለሀገራችን ሰላምን፣ ለቤታችን ፍቅርን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።